በሁለት እጅ የሰጠሁት ከረጢት

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዲቪ ሎተሪ ደርሶኝ ሲያትል ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴን ልደፍን ጥቂት ሳምንታት ቀርተውኛል። ሬኒየር ቢች በሚባል ሰፈር ከአባቴ እህት ከእትዬ ጥሩነሽ ጋር እኖራለሁ፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ላውንድሪ ውስጥ አንሶላ አጥባለሁ። ዛሬ የምታውቁኝ ሰዎች ስነግራችሁ ትስቃላችሁ እንጂ፣ ያኔ ድምፄ የሚሰማው ስጠራ «አቤት» ስል ብቻ ነበር። እንግሊዝኛው አንሶኝ አይደለም። ስህተት መሥራት እፈራ ነበር። አንድ ጊዜ የሆቴሉን ብርጭቆ ሰብሬ፣ ለማን እንደምናገር ጨንቆኝ፣ ስብርባሪውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሦስት ቀን በቦርሳዬ ይዤው ዞሬያለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ አውቶቡስ ስሳፈር እንኳ ቦርሳዬ ኳ ኳ ይላል።

ሶ፣ በዚያ ነሐሴ ሆቴላችንን ብስክሌተኞች ወረሩት።

ውድድሩ የስድስት ቀን ነበር። ከሲያትል ተነስተው ወደ ሰሜን ካናዳን ነክተው ይመለሳሉ፤ ተራራውን በምሥራቅ በኩል ይዞሩና በስድስተኛው ቀን እንደገና ሲያትል፣ ሐይቁ ዳር ይገባሉ። በየቀኑ ይወዳደራሉ፣ የየቀኑ ሰዓት ይደመራል፣ በመጨረሻ ትንሹ ሰዓት ያሸንፋል። ይህን ሁሉ ያስረዳኝ ሉክ የሚባል ራሰ በራ ቤልጂጋዊ ነው። የአንድ ትንሽ ቡድን ሞግዚት በሉት። ምግባቸውን የሚያዘጋጅ፣ እግራቸውን የሚያሽ፣ ልብሳቸውን የሚያጥብ እሱ ነው። ማሊያዎቹን ታቅፎ ላውንድሪ ሲገባ፣ ምንም ሳልናገር ተቀብዬው አጠብኩለት፤ አጣጥፌ በቁጥራቸው ደረደርኩለት። ደረቴ ላይ የተለጠፈውን ስሜን አነበበና፣ «ስንዱ፣ አንቺ ለዚህ ሥራ ተፈጥረሻል» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ ፈገግ አልኩ።

በማግስቱ አንድ ቀጭን ልጅ አንድ እግር ካልሲ ጠፍቶበት ላውንድሪ መጣ። ኒልስ ይባላል፣ ከዴንማርክ ነው፣ ከእኔ በአንድ ዓመት ያንሳል፣ በፕሮፌሽናልነት የመጀመሪያው ትልቅ ውድድሩ ነው። ካልሲውን ስፈልግለት ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ዳቦዬን ዐይኑን ተክሎ ያየዋል። ሰጠሁት። ቆሞ እየበላ ወሬ ጀመረ።

«አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነው። በሕይወቱ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። የመጨረሻው ቀን ግን መስመሩ ላይ ሊጠብቀኝ ይመጣል።»

«እንድታሸንፍ?» አልኩት።

ሳቀ። «እኔ አላሸንፍም። እንድጨርስ።»

ብስክሌተኞቹ ውድድራቸውን ጀምረው ሄዱ። እኔም ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ።

ዓርብ ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራኝ። ስለ ብርጭቆው መስሎኝ ይቅርታዬን በልቤ እየደረደርኩ ገባሁ። እሱ እቴ፣ ስልኩን ነው የሰጠኝ። ሉክ ነው፣ ከተራራው ማዶ ከያኪማ።

«ስንዱ፣ ረዳቴ ሆዱን ታሞ ተኝቷል። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። ብስክሌተኞቹ ተራራውን ወርደው ኢነምክሎ ከተማ ሲደርሱ፣ መንገድ ዳር ቆሞ የምግብ ከረጢት የሚያቀብልልኝ አንድ ሰው አጣሁ። ትመጫለሽ?»

«አቤት» አልኩ። እሺ ማለቴ ነበር።

መኪና መንዳት ስለማልችል እትዬን መለመን ግድ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ያኔ ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ኤርፖርቱ ፓርኪንግ ትኬት ይቆርጣሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲነዱ ፖሊስ አንድ ቀን አስቁሟቸው አያውቅም፤ ምክንያቱም ቶዮታቸውን የሚነዱት አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው ነው።

«ለማን ነው ምግብ የምትሰጪው?» አሉኝ።

«ለብስክሌተኞች።»

«ቁጭ ብለው አይበሉም?»

«እየነዱ ነው የሚበሉት፣ እትዬ። ከቆሙ ይቀደማሉ።»

«ምን ያስቸኩላቸዋል?» አሉና ትንሽ አሰቡ። «ኢነምክሎ ነው ያልሽው? የበግ አገሬ ነው። እነዳልሻለሁ።»

እውነታቸውን ነው። ለፋሲካም ለገናም የኛ ሰፈር ሰው በግ የሚገዛው ከዚያ ገበሬዎች ነው፤ መርጠው፣ ላቱን ጨብጠው፣ ተከራክረው የሚገዙለት ደግሞ እትዬ ናቸው። የቶዮታዋ የኋላ ወንበር ከሚያዝያ ጀምሮ ገለባ አላጣውም።

ቅዳሜ ማለዳ ወጣን። ፍልሰታ ነበር፣ ቅዳሜም ቢሆን እትዬ በስእለታቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ለመፍቻ የሚሆን በሶ በማር ለውሰው፣ ጭብጦውን በፎይል ጠቅልለው፣ በላስቲክ ጠርሙስም ቀጠን ያለ በሶ በጥብጠው ይዘዋል። ቡናማ የቤተክርስቲያን ቦርሳቸውን፣ ያንን ረጅም ማንገቻ ያለውን፣ በትከሻቸው አንግተዋል።

ኢነምክሎ ስንደርስ ሉክ የቡድኑን ኮፍያና ሰደርያ አለበሰኝና አንዲት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሰጠኝ። ረጅም ማንገቻ አላት፤ ውስጧ የሩዝ ቂጣ፣ ሙዝ፣ ሁለት ጠርሙስ።

«አድምጪኝ። ማንገቻውን ከላይ በአንድ እጅ ያዢ። ክንድሽን ዘርጊ። ሲመጣ ከጎኑ ትንሽ ሩጪ። ልክ ሲጨብጠው ልቀቂ። በቃ። አንድ እጅ፣ ከዚያ መልቀቅ።»

ራሱ ብስክሌተኛ ሆኖ ሦስት ጊዜ በፊቴ ሮጠ። ሦስቱንም አቀበልኩት። «ፐርፌክት» አለኝ። እትዬ ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

«ስንዱ።»

«አቤት እትዬ።»

«በአንድ እጅ ነው እንዴ ለሰው ምግብ የምትሰጪው?»

«ደንቡ ነው።»

«የምን ደንብ? እንዲህ ነው እኔ ያሳደግኩሽ? ለውሻ እንኳ በአንድ እጅ አይወረወርለትም።»

ልጅ ሆኜ፣ አገር ቤት እሳቸው ጋ ሳድግ፣ ሻይ በአንድ እጄ ለእንግዳ ሳቀብል ባዩኝ ቁጥር ጣቶቼን በማንኪያ መታ ያደርጉኝ ነበር። ያንን አስታውሼ ሳቅሁ። ቃሉ ግን ውስጤ ገብቶ ተቀመጠ።

መጀመሪያ ሞተር ብስክሌቶች መጡ፣ ቀጥሎ መንጋው። እናንተዬ፣ ያንን ድምፅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? መቶ ሰንሰለት በአንድ ላይ ሲሽከረከር ንብ ነው የሚመስለው። ቀለሙ፣ ነፋሱ፣ የከረጢቱ መሻማት። ሉክ የቡድኑን አራት ልጆች በየተራ አጉርሶ ሸኘ። ከስምንቱ የቀሩት አምስት ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ በየመንገዱ ወድቀው አገራቸው ገብተዋል። የቡድኑም ብቸኛ አጃቢ መኪና አራቱን ተከትላ አለፈች። አምስተኛው ኒልስ ነው።

«ተራራው ላይ ቀርቷል» አለ ሉክ ሰዓቱን እያየ። «ስሚ፣ ዛሬ የሰዓት ገደብ አለ። አሸናፊው ከገባ በኋላ ሠላሳ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ያለፈ ሰው ስድስቱን ቀን እንዳልነዳ ይቆጠራል፤ ስሙ ከዝርዝሩ ይፋቃል። ኒልስን አንቺ ነሽ የምታቀብዪው።»

ከአሥራ አራት ደቂቃ በኋላ ኒልስ ብቻውን ብቅ አለ። ከኋላው አንዲት መኪና ብቻ ትከተለዋለች፤ ጣሪያዋ ላይ መጥረጊያ ታስሮባታል። የሚያቆመውን ጠርጋ የምታነሳ መኪና ናት አሉኝ፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ አይደለም።

ክንዴን ዘረጋሁ። በአንድ እጅ ይዤያለሁ። መሮጥ ጀመርኩ። ከዚያ ፊቱን አየሁት። ጨው ደርቆበታል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ ደክሞት በር ላይ የቆመ እንግዳ ፊት ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ግራ እጄ ራሷ መጣች። ከረጢቷን ከሥር ደገፍኳት፣ ወገቤን ጎንበስ አደረግኩ፣ በሁለት እጄ፣ በክብር፣ ሰጠሁት።

እሱ ማንገቻውን ጨብጦ ሄደ። እኔ አልለቀቅሁም።

ጨርቁ ጯ ብሎ ተቀደደ። ሙዙ ወደ ሰማይ፣ ጠርሙሶቹ ወደ ቦይ። ኒልስ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ተንገዳግዶ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሳይወድቅ፣ ባዶ ማንገቻ ይዞ አለፈ። መጥረጊያዋ መኪና የሩዙን ቂጣ ጨፍልቃው ሄደች።

ሉክ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የተቀደደውን ጨርቅ አንስቶ ኪሱ ከተተ።

«ሃምሳ አምስት ኪሎሜትር ቀርቶታል» አለ። «ባዶ ሆዱን ነው። ትንሽ ይሄዳል፣ ከዚያ እግሩ እምቢ ይለዋል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ትናንት አልተለማመድሽም።»

ያቺን ብርጭቆ አስታወስኳት። እንደዚያች በጋዜጣ የምጠቀልለው ነገር ቢኖር እጠቀልለው ነበር።

«ምን አለ ሰውየው?» አሉ እትዬ።

ነገርኳቸው። ልጁ ካልበላ እንደማይደርስ፣ ካልደረሰ እንደሚፋቅ፣ አባቱ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ መስመሩ ላይ እንደሚጠብቀው፣ ሁሉንም። እትዬ ተነሥተው ወንበራቸውን አጠፉ።

«ጠይቂልኝ። ሌላ ቦታ ብንሰጠው ይከለክላሉ?»

ሉክ አሰበ። «መጨረሻው ሃያ ኪሎሜትር ሲቀር እስከሚቆመው ምልክት ድረስ ይፈቀዳል፣ የቡድን ሰው ከሆነ። ምልክቱን ካለፈ ያስቀጣዋል። ግን የኔ መኪና ታጥራለች፣ እዪያት።» እውነትም የሌሎቹ ቡድኖች መኪኖች ከበዋታል። «ምግብም አልቋል።»

«ምግብ አለ» አሉ እትዬ፣ የበሶውን ላስቲክ ከፍ አድርገው። «ግባ በለው።»

ሉክ ከኋላ ገለባው ላይ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ደርሷል። እትዬ አማተቡ፣ መስታወት አስተካከሉ፣ ቀበቶዬን አዩ፣ እንደገና መስታወት አስተካከሉ።

«እትዬ፣ በናትዎ።»

«መቸኮል ሌላ፣ መሞት ሌላ» አሉና ተነሣን።

ውድድሩ ከኢነምክሎ ወጥቶ በየመንደሩ ይጠማዘዝና ሜፕል ቫሊን አልፎ ወደ ሬንተን ይወርዳል። እኛ ጠመዝማዛውን ትተን በቀጥታው ገጠር መንገድ ልንቀድመው ነው። አንድ መታጠፊያ ላይ ግን ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ ሰውዬ እጁን ዘረጋ።

«ይቅርታ ማም፣ ዝግ ነው። የመጨረሻው ብስክሌተኛ እስኪያልፍ።»

እትዬ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው በእንግሊዝኛቸው፣ «ላስት ማን ሀንግሪ» አሉት። «አይ ጎ ፉድ።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ሉክ ከኋላ በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር አጉረመረመ፤ ጸሎት አልመሰለኝም። እትዬ መኪናዋን ወደ ኋላ መለሱና ወደ አንድ የአፈር መንገድ ታጠፉ።

«ወዴት ነው?»

«ወደ ዳን።»

ዳን በግ የሚሸጡላቸው ገበሬ ናቸው። ቶዮታዋን ሲያዩ ከጎተራቸው ወጡ፤ ስድሳውን ያለፉ፣ ጺማቸው ደረታቸው የደረሰ ሰው።

«ሚስ ቲሩ፣ ፋሲካ አላለፈም እንዴ?»

«ኖ ሺፕ ቱዴይ፣ ዳን። ኦፕን ዘ ጌት።»

አንድም ነገር ሳይጠይቁ ከፈቱ። ተመልከቱልኝ፣ አሥር ዓመት ላት እየጨበጡ ሲጨቃጨቁ የኖሩ ሰዎች እንዲህ ነው የሚተማመኑት። ማሳው ውስጥ ገባን። ቶዮታዋ እንደ ጀልባ ትዘላለች። መሐል ላይ በጎች ተኝተዋል፤ እትዬ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው «ሂዱ፣ ተነሡ፣ የተረገማችሁ፣ በሚያዝያ እንገናኛለን» ይላሉ፣ በአማርኛ። በጎቹ ተነሡ። ሉክ ሳቁን ለቀቀው፤ ራሱ ጣሪያ እየመታ ይስቃል። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ያ ሁሉ ጭንቀት ላይ ሆኜ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

በማሳው ሌላኛው በር ወጥተን ዋናው መንገድ ላይ ስንደርስ ሜፕል ቫሊ ከኋላችን ቀርቷል። እትዬ ሣሩ ላይ ፓርክ አደረጉ። ወደ ቀኝ ሳይ፣ መቶ እርምጃ እልፍ ብሎ ትልቁ ምልክት ቆሟል፦ ሃያ። የውድድሩን ባንዲራ የያዘች ሴትዮ ጥላ ሥር ተቀምጣለች።

«የመጨረሻው አልፏል?» ብዬ ጮህኩ። እኔ፣ ስንዱ፣ ጮህኩ።

«አንዱ ይቀራል።»

ከረጢት ግን የለንም። ማንገቻ የሌለው ነገር ብስክሌተኛ ሊጨብጥ አይችልም። ሉክ ዙሪያውን ሲያይ እትዬ ቀድመው ገብቷቸዋል፤ የቤተክርስቲያን ቦርሳቸውን ገለበጡት። መሐረብ፣ መነጽር፣ የጸሎት መጽሐፍ፣ የአስፕሪን ጠርሙስ፣ ሁሉም ወንበሩ ላይ። በምትኩ ጭብጦውንና የበሶውን ጠርሙስ ከተቱበት።

«እትዬ፣ መፍቻዎ ነው እኮ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውኃ አለ» አሉ።

ኒልስ መጣ። መጣ ከተባለ። ብስክሌቱ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እንደ መርፌ ትሰፋዋለች፤ ዐይኑ ፊት ለፊት ያለውን የሚያይ አይመስልም። መጥረጊያዋ መኪና ከኋላው፣ ሾፌሯ ክንዱን መስኮት ላይ ጥሎ።

«ከመሪዎቹ በሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷል» አለ ሉክ ባንዲራ የያዘችውን ሴትዮ ጠይቆ። «ሰባት ብቻ ቀረው።»

መንገድ ዳር ቆምኩ። የቦርሳውን ማንገቻ ከላይ ያዝኩ። ክንዴን ዘረጋሁ። ግራ እጄን ከጀርባዬ ቀሚሴን አስጨብጬ አሰርኳት። ስሙን ጠራሁ፤ ራሱን ቀና አደረገ። መሮጥ ጀመርኩ። ጣቶቹ ማንገቻውን ሲነኩ፣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ መንገዱን ሞላው።

«ልቀቂ፣ ስንዱ። ልቀቂ፣ ልጄ።»

በማንኪያ የመቱኝ እትዬ ናቸው። ለቀቅሁ።

ቦርሳው ከእጄ ሲወጣ ምንም ድምፅ አላሰማም። ኒልስ አንገቱ ላይ አጠለቀው፣ ዚፑን በጥርሱ ከፈተ። ከምልክቱ ሃያ እርምጃ ቀድሞ ነው። ጭብጦውን አፉ ላይ ሲያደርግ፣ ማኘኩን ሲያቆም፣ እንደገና ሲነክስ አየነው። ከዚያ መታጠፊያው ዋጠው።

«ምንድነው የሰጠነው?» አለ ሉክ።

«ገብስ። የተቆላ። በማር።»

«ይሠራ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል» አለና ጭብጦ የለመነ ያህል ወደ እትዬ አየ። ቦርሳው ሞልቶ የተረፈውን አንዱን ሰጡት። በሁለት እጃቸው።

በፍሪዌይ ዞረን ወደ ሐይቁ ስንሄድ እትዬ በድንገት ደረታቸውን ያዙ።

«ግሪን ካርዴ።»

«የት?»

«የጎን ኪሱ ውስጥ። ቦርሳው።»

ተረጎምኩለት። ሉክ ፊቱ ተለወጠ። ብስክሌተኛ በልቶ ሲጨርስ ከረጢቱን ወደ ሣር ይወረውራል፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት አለን። እትዬ ይህን ሲሰሙ፣ እመኑኝ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት ሰባ ማይል ነዱ። ቀኝ እግራቸው ነዳጁ ላይ፣ አፋቸው «እመቤቴ፣ እመቤቴ» እያለ። ሉክ ቀበቶውን በሁለት እጁ ይዟል።

ሐይቁ ዳር ስዋርድ ፓርክ አጠገብ ደርሰን መስመሩ ጋ ስንሮጥ አሸናፊው ከገባ ቆይቷል። አበባ ተሰጥቷል፣ ሰው መበታተን ጀምሯል። ትልቁ ሰዓት ግን እየሄደ ነው። ከመከለያው አጠገብ አንድ ቁመተ ረጅም፣ ፊቱ በጸሐይ የተቃጠለ ሰውዬ ብቻውን ቆሟል፤ አዲስ ሱፍ ለብሷል፣ እጁ ውስጥ ከወረቀት የተሠራች ትንሽ የዴንማርክ ባንዲራ። ማንነቱን ለመጠየቅ አላስፈለገኝም። የኒልስን አገጭ ነበረው።

«ስንት ቀረ?» አልኩት ሉክን።

«ሦስት ደቂቃ።»

የሐይቁ መንገድ ባዶ ነው። ሁለት ደቂቃ። አንዲት ሴትዮ ውሻዋን አሻገረች። ሰዓት ያዡ ሰው ደብተሩን ሊዘጋ ብዕሩን ከደነ። አንድ ደቂቃ ተኩል። እትዬ ክንዴን ጨብጠውኛል፤ ለማን እንደሚጸልዩ፣ ለልጁ ይሁን ለግሪን ካርዱ፣ አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ ከዛፎቹ ጥግ የቡድናችን ቢጫ ማሊያ ብቅ አለ።

ቁጭ ብሎ አይደለም፣ ቆሞ ነው የሚነዳው። መጥረጊያዋ መኪና ከኋላው በጣም ርቃ ቀርታለች። አንገቱ ላይ ደግሞ የእትዬ ጥሩነሽ የቤተክርስቲያን ቦርሳ፣ ቡናማው፣ ወዲህ ወዲያ እየተወዛወዘ እንደ ደወል ደረቱን ይመታዋል። የድምፅ ማጉያው ሰውዬ ንግግሩን አቋረጠ። «ክቡራትና ክቡራን» አለ፣ «የእጅ ቦርሳ ነው የማየው።» የተበታተነው ሰው ተመለሰ። ሳቁ መጣ፣ ጭብጨባው ተከተለ፤ መከለያውን በእጃቸው እየደበደቡ ነው። መስመሩን ሲያልፍ ሰዓቱ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ይል ነበር።

ሉክ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። አባትየው አልተንቀሳቀሰም፤ ባንዲራዋን ብቻ ከፍ አድርጎ ያዛት። ኒልስ ከብስክሌቱ ሲወርድ እግሩ ከዳው፣ አባቱ ደረት ላይ ወደቀ። በዴንማርክኛ ያወሩትን አላውቅም። ረጅም አልነበረም።

ቆይቶ ወደኛ መጣ። ቦርሳውን ከአንገቱ አወጣ፣ በማሊያው ጠረገው።

«የሰው ነገር ነው ብዬ አልወረወርኩትም» አለኝ። «መሐረብ መሐረብ ይሸታል።»

ከዚያ እትዬ ፊት ቆመ። ጎንበስ አለ። ቦርሳውን ከሥሩ ደግፎ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ጠዋት ኢነምክሎ ላይ ያደረግኩትን አይቶ ነበር ማለት ነው፤ የሆነ ትርጉም እንዳለው ገብቶታል።

እትዬ ተቀበሉት፣ የጎን ኪሱን ከፈቱ፣ ግሪን ካርዱን አይተው ዘጉት። ከዚያ ነው ያለቀሱት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት በሌላ ነገር ታስታውሱኝ ይሆናል። አንዳንዶቻችሁ ጀርባችሁን አሽቼላችኋለሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ሠርግ ላይ ይህንኑ ታሪክ ስናገር ሰምታችሁኛል። ሰኞ ሥራዬ ስገባ ሥራ አስኪያጁን ፈልጌ «ከሦስት ወር በፊት ብርጭቆ ሰብሬያለሁ» አልኩት። ሰውዬው ምን እንደምል አልገባውም ነበር። ለኔ ግን ትልቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት በየክረምቱ ከሉክ ጋር መንገድ ዳር ቆሜያለሁ፤ እግር ማሸትን መጀመሪያ ከእሱ፣ ቀጥሎ ከላይብረሪ በተዋስኳቸው መጻሕፍት ተማርኩ፤ ትምህርት ቤት ሳልገባ የእሽት ፈቃድ ፈተናውን ተፈትኜ አለፍኩ፤ ዛሬ የምተዳደረው በእሱ ነው። ብዙ ከረጢት ጥዬያለሁ። አንዱን ብስክሌተኛ ወደ ቦይ ልኬዋለሁ፣ ወጥቶ ሰድቦኝ ሄዷል። ስህተት ስሠራ ግን ድሮ እንደማደርገው አልደብቀውም። መጀመሪያ የማስበው ምልክቱ ጋ ለመድረስ ስንት ኪሎሜትር እንደቀረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ መንገድ ይቀራል። ከእናንተም መሐል ቦርሳው ውስጥ ብርጭቆ ይዞ የሚዞር ካለ፣ አውጡትና ለአንድ ሰው ንገሩት ነው የምለው፤ ምናልባት ያ ሰው የሚከፈት በር ያውቅ ይሆናል።

ሉክ ከዓመት በኋላ የኒልስን ፎቶ ላከልን፤ ቦርሳውን አንግቶ መስመሩን ሲያልፍ። እትዬ ሳሎን ከመላእክቱ ሥዕል ሥር ሰቀሉት።

በሁለት እጅ ስለ መስጠት ግን እትዬ ዳግመኛ አንሥተው አያውቁም። ከውድድሩ በኋላ በነበረው ሰኞ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ምሳዬን በላስቲክ ቋጥረው፣ እጀታውን ከላይ ይዘው፣ ክንዳቸውን ወደ ውጭ ዘርግተዋል። በአንድ እጅ። አውቶቡሱ እየመጣ ስለነበር ሳልቆም ጨበጥኩት። እሳቸውም ለቀቁት።